ዲያና ስትጨፍር ያየች ሴት

የዳንስ መምህሩ ፍሬሳክ ከመድረኩ ሥር ባለው ምድር ቤት ተደፍቶ ሲገኝ፣ እላይ ያሉት ቫዮሊን መቺዎች ገና መሣሪያቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል። ከጎኑ እንደ ሙሉ ዳቦ የደነደነ፣ የመድረኩን ገመዶች የሚያመዛዝን የብረት ሚዛን ወድቋል።

መርማሪ ኦኖሬ ቫሳል ሲደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በአጣቢዎች መንገድ ያለው ይህ ቤት ድሮ መኳንንቱ ኳስ የሚጫወቱበት አዳራሽ ነው። አሁን መድረክ ተሠርቶለት፣ ጣራው በገመድና በመዘውር ተሞልቶ፣ አማልክት በሸራ ደመና ላይ ተቀምጠው የሚወርዱበት የዳንስ ቤት ሆኗል። ቫሳል ሬሳውን ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየው። ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን በአንድ እጁ ሞከረው፤ አልነሳ ሲለው በሁለት እጁ አነሳው፣ መልሶም አስቀመጠው።

«አደጋ ነው» አለ ጸሐፊው ቢዶ፤ ቁመቱ አጭር፣ ምላሱ ረጅም የሆነ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። «ከላይ ተበጥሶ ወረደበት። ሰው በገመድ ወደ ሰማይ ሲወጣና ሲወርድ እግዜር እስከ መቼ ዝም ይላል?»

«እግዜር ከሆነ የምንጽፈው የለንም» አለ ቫሳል። «የገመዱን ኃላፊ ጥራልኝ።»

የገመዱ ኃላፊ ኬርድሬል ስድሳ ዓመት ያለፈው የብሬታኝ ሰው ነው። የመርከብ ሥራ ከተወ ወዲህ የመድረኩን መዘውሮች የሚያዘው እሱ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፣ መጀመሪያ ሬሳውን፣ ቀጥሎ ሚዛኑን አየ።

«ይሄ ከላይ አልወደቀም፣ ጌታዬ።»

«በምን አወቅህ?»

«ደመናውን የሚይዙት አሥራ ስምንት ናቸው፤ አሥራ ስምንቱም እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ይሄ ትርፉ ነው። የሚቀመጠው እዚሁ ታች፣ በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ነው። ደግሞ ከላይ ቢመጣ ኖሮ ጣውላውን በስቶ ነበር የሚመጣው።»

ቫሳል ቀና ብሎ ጣውላውን አየ። ደህና ነው።

«እንግዲያው ሰው ነው የገደለው» አለ። ድምፁ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው ነበር።

እላይ አሥራ ሁለት ዳንሰኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ግማሾቹ የሴት ቀሚስ ለብሰዋል። በፓሪስ የሕዝብ መድረክ ላይ ሴት አትጨፍርም፤ የሴት አማልክቱንም ወንዶች ጭምብል አጥልቀው ነው የሚሆኗቸው። ጭምብሎቹ አሁን ጭናቸው ላይ ተቀምጠዋል። የጭምብሉ ጠርዝ ተጭኖት የቆየው ግንባራቸው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ ከአንድ እስር ቤት የተፈቱ ይመስላሉ። ከሁሉም ጫፍ የተቀመጠው ስመ ጥሩው ቲሶ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዲያናን፣ የአደኗን አምላክ፣ የሆነው እሱ ነው። የብር ቀሚሱን እንደለበሰ፣ እንደ እንቁላል ልሙጥ የሆነ ፊቱን በመሀረብ እያራገበ ተቀምጧል።

«መምህሩን በሕይወት መጨረሻ ያየው ማን ነው?» አለ ቫሳል።

«ሁላችንም» አለ ቲሶ። «ረጅሙን ዳንስ ልንጀምር ስንል፣ ታች ያለውን የመድረኩን የወለል በር ላየው ብሎ ወረደ። ዳንሱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሲያልቅ አንደኛው ሠራተኛ በሩን ሊከፍት ወረደና ጮኸ።»

«በዚያ ሩብ ሰዓት እናንተ?»

«እዚህ ነበርን። እኔን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሃያ ቫዮሊን መቺና አሥራ አንድ ዳንሰኛ አይቶኛል። ከዲያና ላይ ዓይን የሚነቅል ሰው የለም፣ ሙሴ መርማሪ።»

ሌሎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቢዶ ስማቸውን እየጻፈ ሳለ አንድ ዘበኛ ከምድር ቤቱ አጠገብ ካለው የልብስ ክፍል አንዲት ሴት እየጎተተ አወጣ። ካባዎች መሀል ተደብቃ ነው ያገኛት። አርባ ዓመት ይሆናታል። ትከሻዋ ላይ የንጉሥ ካባ ደርባለች፤ ከሥሩ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የተጣበቀ ጥቁር ልብስ አለ። ጫማዋ ሮዝ ሐር ነው፤ ተረከዝ የለውም፣ ጫፉ ግን እንደ እንጨት ጠንካራ ነው።

ዳንሰኞቹ አያውቋትም። አንደኛው አማተበ።

ቫሳል ወደ ቢሮው ወሰዳት።

«ስም?»

«ሶሌን ካርፓንቲየ።»

«ሥራ?»

«ዳንስ አስተምራለሁ።»

ቢዶ ብዕሩን አቆመ። «ሴት ሆነሽ?»

«ሲያዩኝ ምን እመስላለሁ?»

«መኖሪያሽ የት ነው?» አለ ቫሳል።

«እዚሁ ፓሪስ። በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ችግሩ መንገዱ ገና አልተሠራም።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ማንም ስላልተከተላት ተወችው። «እሺ፣ አንዴ ልናገረው። ዓመቱ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ነው አይደል? ዘበኛው ነግሮኛል። እኔ የመጣሁት ከዚህ ሦስት መቶ አርባ ዓመት ወዲያ ነው። በኛ ጊዜ ያ ቤት መጋዘን ነው። የድሮ ልብስ ለማየት ሄጄ፣ በልብስ ክፍሉ በር ገባሁ። ስወጣ ቫዮሊን ሰማሁ። የፊልም ቀረጻ መስሎኝ ነበር።»

«የምን?» አለ ቢዶ።

«ይተዉት። ሽታው ነው ቀረጻ እንዳልሆነ ያሳመነኝ።»

ቢዶ ወደ አለቃው ዞረ። «ሰክራለች ብዬ ላስፍር?»

«ቆይ እስቲ። ከዚያስ ምን አየሽ?»

«መጋረጃው ጥግ ቆሜ ረጅሙን ዳንስ አየሁ። ዲያና ስትጨፍር አየኋት። ግሩም ናት።»

«ሲጨፍር በይ» አለ ቢዶ። «ወንድ ነው። ቲሶ ነው።»

«ስትጨፍር...»

«ሲጨፍር። ፓሪስ ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

«እሺ፣ ሲጨፍር» አለች ሶሌን፣ ለመከራከር ደክሟት። «መሀል ላይ አንድ ሰው ወደኔ የዞረ መሰለኝና ወደ ልብስ ክፍሉ ተመለስኩ። እዚያ ሳለሁ ከምድር ቤቱ ሰው ሲወጣ ሰማሁ። አንድ ደረጃ ይወጣና ያርፋል። ደግሞ አንድ ይወጣና ያርፋል። ሽማግሌ ነው ያልኩት። ከዚያ ጩኸት ሆነ።»

ቫሳል ዘመኑን የሳተች ሴት ወንድና ሴት ብትስት አይገርምም ብሎ አሰበ። የደረጃውን ነገር ግን በልቡ ያዘው።

ሳይጨርሱ አለቃው ሙሴ ዴርቢኜ ገባ። ጓንቱን ሳያወልቅ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ወረቀቱ ላይ ከግራና ከቀኝ የተጣመሙ መስመሮች፣ ነጠብጣቦችና የወፍ ዱካ የሚመስሉ ጭረቶች ተሥለዋል።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው? የክርስቲያን ነው? ጫማዋንም አይቼዋለሁ፤ እንደ ፍየል ሰኮና ነው። ከየትም ያልመጣች ሴት፣ የጥንቆላ ወረቀትና የተፈነከተ ሰው። ምን ትጠብቃለህ?»

«ገዳዩን።»

«ይዘሃታል። ዓርብ ጠዋት ለዳኞቹ ትተላለፋለች። ባለፈው ጊዜ ፈጣን ነበርክ፣ ቫሳል።»

ባለፈው ጊዜ ያለው ጊዬሜት የምትባለውን ቅጠል ሻጭ ነው። ጎረቤቶቿ መርዝ ትቀምማለች ብለው መሰከሩባት፤ ቫሳል ምስክርነቱን አሟልቶ አስረከባት፤ በየካቲት አደባባይ ላይ ተቃጠለች። ሕጉ ስለሚያዝ ከፊት ቆሞ አየ። እርግጠኛ አልነበረም። ሲያስረክባትም እርግጠኛ አልነበረም። እሳቱ ሲነሳ አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። ማታ ይመጣል አለ፤ ማታም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አልመጣለትም። ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል፣ ሲጨልም ይተኛል። እህቱ ስታለቅስ ሲያይ ዓይኗ መቅላቱን ብቻ ነው ያስተዋለው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሶሌንን በደረቁ ክፍል አሳድሯት አለ፤ ብርድ ልብስም አሰጣት። ይህን ያደረገው ስላዘነላት አልነበረም፤ ቢያዝን ኖሮ ያደርገው የነበረውን ስለሚያስታውስ ነው።

በማግስቱ ኬርድሬልን ለመያዝ ሄደ። ሽማግሌ ነው፤ ሚዛኑ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ መምህሩም ሰካራም ብሎ በሰው ፊት እንደሰደበው ሦስት ሰው መስክሯል።

«ሰካራም ብሎኛል» አለ ኬርድሬል። «ልክ ነበር።»

«በረጅሙ ዳንስ ጊዜ የት ነበርክ?»

«እላይ፣ ትልቁ መዘውር ላይ። ሁለት ልጆቼም አብረውኝ ነበሩ። ለአንድ አፍታ ብለቀው ደመናው ሰባት ሰው ይዞ ወለሉ ላይ ይፈጠፈጥ ነበር።»

«በየትኛው ደረጃ ነው የምትወጣው?»

«ደረጃ?» ኬርድሬል እጁ ላይ እትፍ ብሎ አንድ ገመድ ያዘ፤ ቢዶ አፉን ከፍቶ እያየው እንደ ድመት ጣራው ድረስ ወጣ። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ተናገረ። «ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ደረጃ ጠልቼ ነው የኖርኩት።»

ሲወርድ ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም። ቫሳል የወፍ ዱካውን ወረቀት አሳየው።

«እሱማ የመምህሩ ሥራ ነው። ዳንስን እንደ ዘፈን ዜማ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ ይል ነበር። ሰሞኑን ይቺን ይዞ እያንጎራጎረ ነበር የሚውለው። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

«ሌላ ማንበብ የሚችል አለ?»

«ለማንም አላስተማረውም።»

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ለሶሌን ሰጣት። እሷ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ መስመሮቹን ተከተለች።

«እንዲህ ያለውን ተምሬዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «መስመሩ የምትሄድበት መንገድ ነው። ጭረቶቹ እግር ናቸው፤ ይሄ ቀኝ፣ ይሄ ግራ። ነጥቧ ከመነሳት በፊት ያለው መቆሚያ ናት። እላዩ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል። አላያችሁትም?»

ቫሳል ጎንበስ አለ። ከመስመሮቹ ጋር የተደባለቀ ደቃቅ ጽሑፍ ነው። *ለዲያና፣ ያለ ጭምብል* ይላል። ከአጠገቡ አንዲት ፊደል አለች፤ «ፔ»።

«ልነሳ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ተነሳች። በጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ በሦስት ክንድ ቦታ፣ ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ ጨፈረችው። ለስላሳ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከወለሉ ብዙም አይነሳም፤ ድንገት ግን በግራ እግር ተነስቶ ይንሳፈፋል። ቢዶ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ፤ ቀለሙ መዝገቡ ላይ ተንጠባጠበ። ቫሳል እያየ የሚያምር ነገር መሆኑን አወቀ። ማወቁን ብቻ ነው የቻለው።

«ይሄ በግራ እግሩ ለሚነሳ ሰው የተጻፈ ነው» አለች እያለከለከች። «አጠር ላለ፣ እግሩ ፈጣን ለሆነ። ማክሰኞ ያየኋት ዲያና እንዲህ ናት። ከፈለጉ ሲጨፍር ብለው ይጻፉት፤ እግሩ ግን የሷ ነው። ደግሞ ያስቡት፤ ያለ ጭምብል ከሆነ ፊቷ ይታያል ማለት ነው። ወንድ ያለ ጭምብል ሴት ሆኖ ይወጣል?»

«ቲሶ ስሙ በፔ አይጀምርም» አለ ቢዶ ቀስ ብሎ።

ቫሳል በአግዳሚው ወንበር ላይ የነበሩትን ግንባሮች አንድ በአንድ እያስታወሰ ነበር። አሥራ አንድ ቀይ መስመር ቆጠረ። ከዚያ አንድ ልሙጥ ፊት።

ሐሙስ ጠዋት ቲሶን ከቤቱ ደጃፍ አገኘው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነው። መኖሪያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ይግቡ፣ ሙሴ ቫሳል። ፔሪን ሾርባ ሠርታለች። የእህቴ ልጅ ናት፤ ልብሴን የምትሰፋውም የምታለብሰኝም እሷ ናት።»

«ይቅደሙ» አለ ቫሳል።

ቲሶ የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። አንድ ደረጃ ወጣና አረፈ። ደግሞ አንድ ወጣና አረፈ። ቫሳልና ቢዶ ከኋላው በእሱ ልክ ወጡ። ቢዶ አፉን ሊከፍት ሲል ቫሳል ክንዱን ያዘው።

«ከማክሰኞ ወዲህ እንዲህ ሆንኩ» አለ ቲሶ ሳይዞር። «ድንጋጤ ጉልበት ላይ ነው የሚወርደው።»

ፔሪን በሩን ከፈተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አጠር ያለች፣ ቀጭን፤ ነጭ ቆቧን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። ሾርባውን ስታቀርብ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው ያለውን መንገድ የእግሯ ድምፅ ሳይሰማ ሄደችው። ቫሳል ሾርባውን ጠጣ፤ ትኩስ ነበር።

«ሙሴ ቲሶ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለ። «የማክሰኞ ቃልዎ ላይ መፈረም አለብዎ። ቢዶ ቢሮ ይወስድዎታል። እኔ እደርስባችኋለሁ።»

ቲሶ ቫሳልን አየው፣ ልጅቷን አየ፣ ካባውን ደረበ። በሩ ተዘጋ። ከውጭ ድምፁ መጣ፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት።

«ቆብሽን አውልቂልኝ» አለ ቫሳል።

ፔሪን አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ አወለቀችው። ግንባሯ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆዳው ተልጦ ቅርፊት ይዟል። ጭምብሉ ለሷ ፊት የተሠራ አይደለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ።» የቲሶ እርምጃ ድምፅ ገና ደረጃውን እየወረደ ነው። «ጉልበቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆነው። አጫጭሩን ራሱ ይጨፍራል፤ ረጅሙን እኔ። ጠረጴዛውን ገፋ አድርገን እዚሁ ነው ያስተማረኝ። ሌላ ማንም አያውቅም ነበር።»

«መምህሩስ?»

«ከወር በፊት ለየኝ። እግሬን አይቶ። ምንም አላለም፤ በኋላ ኮሪደር ላይ አቁሞኝ፣ በጥር በራስሽ ስም በራስሽ ፊት ትወጫለሽ፣ ከዳንስ ቤቱ ባለቤቶች ጋር ተስማምቻለሁ አለኝ።» ቆቧን በሁለት እጇ ጨመቀችው። «ለአጎቴ ሰኞ ማታ ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር።»

«ማክሰኞስ?»

«ዛሬ አጫጭሩንም ጨምረሽ ሙሉውን አንቺ ጨፍሪው አለኝ። ስጨርስ መጋረጃው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀሚሱን አወለቅሁ፣ እሱ ለበሰ። የት ነበርክ ብዬ አልጠየቅሁትም።»

«አሁን የምትይው ነገር ይሰቅለዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ካላልሽ ደግሞ ሌላ ሴት ነገ ለዳኞች ትሰጣለች። ያንን ሩብ ሰዓት ማን እንደጨፈረው ከአንቺ በቀር የሚመሰክር የለም። ቁስሉ ምድጃ አቃጥሎኝ ነው ብትዪ ይበቃል፤ ማንም አይከራከርሽም።»

አልገፋፋትም። መገፋፋትም ማባበልም አልመጣለትም፤ ያለውን ነው የነገራት። ፔሪን ወደ ደረጃው አዳመጠች። ቲሶ የመጨረሻውን ፎቅ ጀምሯል።

«ወላጆቼ ሲሞቱ አምስት ዓመቴ ነበር» አለች። «በዚህ ደረጃ ተሸክሞ ነው ያወጣኝ። ያኔ እየሮጠ ነበር የሚወጣው።»

ታች የውጭው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ዲያና እኔ ነበርኩ» አለች። «ይጻፉት።»

ቲሶ ቢሮው ውስጥ የፔሪን ቃል ሲነበብለት አላቋረጠም። ሲያልቅ ወደ ቫሳል ዞረ።

«አሥራ አምስት ዓመት ፓሪስ ሴት ስታምር እንዴት እንደምትሆን ያየችው በእኔ ነው። ልጅቷን አስተማርኳት፤ በእኔ ፊት ሥር እንድትኖር ፈቀድኩላት። ልለምነው ነው የወረድኩት፣ ሙሴ። አንድ ዓመት ብቻ ጠብቅ ልለው። ወረቀቱን ይዞ በእግሩ ወለሉን እየመታ ያንጎራጉራል። ጠራሁት። ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ አለኝ፤ ዞር ብሎ አላየኝም። እላይ የሷ እግር ይሰማል። እሱ የሷን እግር ነበር የሚያዳምጠው። መደርደሪያው በእጄ በኩል ነበር።»

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

«እንዴት ጨፈረች?»

«አልነበርኩም» አለ ቫሳል። ቢዶ ወረቀቱን አቀረበ፤ ቲሶ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ፈረመ።

ዓርብ ጠዋት ቫሳል ሶሌንን ወደ አጣቢዎች መንገድ መለሳት። አዳራሹ ባዶ ነበር። ከልብስ ክፍሉ በር ፊት ቆሙ።

«አምነውኛል?» አለችው።

«አላውቅም። ገዳዩን ለማግኘት አንቺን ማመን አላስፈለገኝም፤ ማየትሽ በቃኝ።»

«ይሄም አንድ ነገር ነው።» ካባውን አውልቃ ሰጠችው። «በቅርቡ ሴቶች እዚህ ከተማ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ስለነሱ ብዙ አንብቤአለሁ። የልጅቷ ስም ግን የትም የለም። ሌሊቱን ሙሉ ላስታውስ ሞከርኩ፤ የለም።»

«ባይጻፍ ነው።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ» አለች። ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች።

ቫሳል ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀ። በሩን ሲከፍት ካባዎች፣ ክንፎችና የሸራ አበቦች ተሰቅለዋል፤ ከኋላቸው የድንጋይ ግድግዳ ነው። ሌላ መውጫ የለም። በእጁ ግድግዳውን ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው። ካባውን ቦታው ሰቀለ፣ መዝገቡም ላይ «ተለቀቀች» ብሎ ጻፈ።

«ጠንቋይዋ የት ሄደች?» አለ ዴርቢኜ።

«ወደ ቤቷ።»

«ቤቷ የት ነው?»

«በእግር ሩብ ሰዓት ነው ብላለች።»

ቲሶ በታኅሣሥ ተሰቀለ። ቫሳል ሕጉ ስለሚያዝ ቆሞ አየ። በጥር እንደተባለውም አራት ልጃገረዶች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ መድረክ ላይ ወጡ፤ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፔሪን አልነበረችበትም። የቤቱ ባለቤቶች የነፍሰ ገዳይ ዘመድ ሕዝብ ፊት አናቆምም ብለዋት ነበር። የመምህሩን ወረቀት ቫሳል ከመዝገቡ አውጥቶ ላከላት።

በጥር መጨረሻ አንድ ጠዋት ፔሪን ወደ ሊዮን ልትሄድ ነው የሚል ሰማ። በየገበያው የሚዞር አንድ ቡድን ተቀብሏታል። ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። የሴን ውኃ ግራጫ ነበር፤ ጀልባውን የሚጎትቱት ፈረሶች እንፋሎት ያወጣሉ። ፔሪን አንድ ጥቅል ይዛ ሰልፉ ላይ ቆማለች። ግንባሯ ድኗል፤ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ቀርቶበታል።

«መምጣት አልነበረብዎትም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ጎን ለጎን ሆነው ከሰልፉ ጋር ተራመዱ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ የጀልባው መዝጋቢ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ስም?»

«ፔሪን ሎንዴል።» የእናቷ ስም ነው።

«ሥራ?»

«ልብስ...» አለችና ቆመች። ጥቅሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ዳንሰኛ።»

መዝጋቢው ቀና ብሎ አያትና ሳቀ፤ ክፋት የለበትም። «እንዲህ የሚባል ሥራ ለሴት የለም፣ የኔ እህት። አራት ሴት ፓሪስ ላይ ስለዘለለች መዝገብ አይቀየርም። ልብስ ሰፊ ልበልሽ?»

ፔሪን ዓይኗን ከመዝገቡ አላነሳችም። ከኋላ ያሉት ሰዎች ይገፋሉ።

«ዳንሰኛ ብለህ ጻፍ» አለ ቫሳል።

«ጌታዬ፣ ሥርዓቱ እኮ...»

«ጻፍ አልኩህ።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ከፈረሶቹ አንዱ እንኳ ጆሮውን አቆመ። ቫሳል ድምፁ እንዲያ ከፍ ብሎ መውጣቱን ያወቀው ሰው ሲዞር ነው። መዝጋቢው ቀለም ነከረና ጻፈ፤ ፔሪን አንገቷን አስግጋ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ፊደል ተከተለችው። ከዚያ ጥቅሏን አነሳችና በቀጭኑ ጣውላ ላይ ሳትደገፍ ወደ ጀልባው አለፈች።

ጀልባው ከድልድዩ ሥር እስኪገባ ድረስ ቫሳል አልሄደም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከየካቲት ጀምሮ የጠበቀው ነገር ያኔ መጣበት። ቢሮው እስኪደርስም አልተወውም።